ያረጀ ውሃ

ከኦኖሚቺ ወደብ ሽቅብ፣ ደረጃው መሀል ላይ፣
ድመቶች ሲጣሉ ከጣሪያው በላይ፣
አባቴ ሰይጂሮ፣ ጨለማ አስለምዶ ዓይኑን፣
የሰው ፊት ሲያጥብ ኖረ ሌሊቱን ቀኑን።
ሠርግ አጠበ። ቀብር አጠበ።
የመርከብ ሠሪዎችን ሽርሽር አጠበ።
የተማሪ ሰልፍ፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዷ ጥርሷ ወልቆ፣
ሁሉንም አጥቦ ሰቀለ፣
በልብስ መቆንጠጫ አንቆ።

ከኮት እጥፋት ግን፣ ከዣንጥላ ሥር፣
አንድ ቀጭን አረንጓዴ ሁልጊዜ ነበር።
ደንበኛ ሲጠይቅ፣ “ጥላውን ምን ነካው?”
በአገጩ ቁልቁል ያሳያል፣
“ባሕሩ ነው” ይላል፣ “ባሕሩ ነው የገባው።”
ከተማው አመነው። ኮራበትም።
ሌላ ቦታ የታጠበ ፎቶ ሲያዩ
“ባሕር የለውም” ይሉ ነበር፣ ከንፈራቸውን መጠው።

ሱቁ ከተዘጋ ሰነበተ።
በቀደም የብስክሌት ጠጋኙ ልጅ፣ ሪኩቶ፣
አዲስ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ።
“ቶሞዬ እትዬ፣ ያባትዎን ቀለም ፈልጌ ነበር።
በኋላ ኮምፒውተር ላይ የሚቀባ አይደለም፤
እዚሁ፣ ጣቴ ሲጫን፣ አብሮ የሚወለድ።”

በብስኩት ቆርቆሮ የተረፉትን ፎቶዎች ዘረገፍን።
እሱ ሜኑውን ከፈተ፣ እኔ የመነጽሬን ቤት።

“ነጩን አስታግሰው” አልሁት፣ “አይጩህ፤
ደመናው ውስጥ ያለው ደመና ይታይ።
ጥላውንም አታጥቁረው፣ ሰው ተቀምጦበታል።
ስለቱን ሁለት ቁጥር ወደ ታች፤
የድሮ ሌንስ ሽፋሽፍት አይቆጥርም፣ ፊት ያያል እንጂ።
ቅንጣቱን ጨምርበት፤ ዱቄት ይሁን ግን፣ ሽርክት አይሁን።
የነጩን ሚዛን ለራሱ አትተውለት፣
ካሜራ የዋህ ነው፣ ሁሉን ነጭ ሊያደርግ ይለፋል።
የፀሐዩ ላይ እሰረው፤
ቀዩን ሁለት ስጠው፣ ከሰማያዊው አራት ንሳ።
ብርሃኑንም ከሚልህ አስበልጥ፣ የእርከን ሲሶ።”

ወረድን። የጀልባው መቆሚያ፣ የዝገት ክሬን፣
ብርቱካን የምትመዝን ሴት፣ ጓንቷ ጣቱ የተቆረጠ።
አነሳ። ደገመ። ሠለሰ።
ሰማዩ መጣ። የሴትየዋ ጉንጭ መጣ።
ባሕሩ አጠገባችን ነበር፣ ደረጃውን እየላሰ፣
ፎቶው ውስጥ ግን አልገባም።

ማታ ብቻዬን ያባቴን የሒሳብ ደብተር ገለጥሁ፣
የሌንስ ቁጥር እንኳ ባገኝ ብዬ።
እርሳሱ ደብዝዟል፦

“ጥቅምት ሦስት። ማጠቢያው ደክሟል፣ መለወጥ ነበረበት።
የቶሞዬ የትምህርት ቤት ክፍያ። አንድ ሳምንት ይቆይ።”
“ጥቅምት አሥር። የቶሞዬ ጫማ። ይቆይ።”
“ኅዳር። ይቆይ።”

ደብተሩ ብዙ ነው። እኔም ብዙ ዓመት ተምሬአለሁ።

ታዲያ ያ አረንጓዴ፣ ከተማው የኮራበት፣
ያረጀ ውሃ ነው፤
አባቴ ሳይደፋው ያቆየው፣ እኔን ሊያስተምርበት።
የስንቱ ሙሽራ ቀሚስ ጫማዬን ከፈለ?
ስንቱ ሟች ከነጥላው
ለኔ ደብተር ዋለ?

ሲነጋ ሪኩቶ ደጄ ላይ ቆሟል።
“አረንጓዴ ልጨምርበት?” አለኝ፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ።
“አይጨመርም” አልሁት።
“ከቀዩም ቀንስ፣ ከሰማያዊውም ቀንስ፤
ሌላው ሲጎድል ነው እሱ የሚመጣው።”

ቀነሰ። ወደ ደረጃው፣ ወደ ድመቷ አነጣጠረ።
ቀጭ።
ከድመቷ ሆድ ሥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ፣
ቀስ ብሎ ወጣ፣
እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንደሚወጣ ሰው።

“መዝግቤ ላስቀምጠው” አለ ሪኩቶ፣ “ስም ጻፉ ይላል።
ምን እንበለው?”

አፌ ላይ የነበረው ሌላ ቃል ነው። ዋጥሁት።
በአገጬ ቁልቁል አሳየሁት፣

“‘ባሕሩ’ በለው” አልሁ።